ድልድዩ ተቆጣጣሪ ነበረው፤ ጨቅላውስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ከተማችን መንገድ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሐይቁ ዳርቻ ብዙ ጽፋችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ። እኔ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ብዙም የማይወጣ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ከአካል ጉዳት ጋር ስለሚወለዱ፣ ወይም በተወለዱ በቀናት ውስጥ ጉዳት ስለሚያገኛቸው ሕጻናት ነው። እነዚህን ልጆች ቶሎ ለይቶ፣ ቶሎ ሕክምና አስጀምሮ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ "ያ ልጅ የት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅ የመንግሥት አካል ባሕር ዳር ላይ ማን ነው? "የሁላችንም ኃላፊነት ነው" የሚለውን መልስ እባካችሁ እንዳትሰጡኝ። እሱን ስብሰባ ላይ ጠግቤዋለሁ።

ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሥራ ካቆምኩ ቆየሁ፣ ሰፈሩ ግን አሁንም "ሲስተር" ነው የሚለኝ፣ ልጇ ያሳሰባት እናት ቀድማ የምታንኳኳው የኔን በር ነው። የአንዷን ነገር ልንገራችሁ።

ልጁ ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም። ጥቂት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየና "ደህና ነው፣ ውሰጂው" ተባለች። በ14 ሳምንቱ ለክትባት ስትወስደው አብሬያት ሄድኩ። ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል፣ በር ላይ ሳይቀር እናቶች ቆመዋል። ክትባት የምትሰጠው ልጅ ፈጣን ናት፣ እጇም ቀላል ነው፣ በሷ አልፈርድም። ጭኑን ስትይዘው ግን ሕጻኑ እግሩን ገትሮ አስቸገራት። "ዘና አድርጊው እንጂ!" አለቻት እናቱን። እናቱ ምን ታድርገው? ሁለቱም እጆቹ ተጨብጠዋል፣ አውራ ጣቶቹ በሌሎቹ ጣቶች ሥር ገብተዋል፣ ብብቱን ይዘው ሲያነሱት እግሮቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ አንገቱም ገና አልጠናም። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ደቂቃና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። ክትባቱ ተሰጠ፣ ካርዱ ላይ ቀን ተጻፈ፣ "ለኩፍኝ በ9 ወሩ ትመለሻለሽ" ተባለ፣ ቀጣይ!

እኔ አልወጣም ብዬ ሪፈር አስጻፍኩ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሪፈሩን ይዛ የሄደችበት የሕጻናት ክፍል ቀጠሮ ሰጣት። ቀጠሮው ደርሶ ስትሄድ ወደ ሌላ ክፍል ላኳት። እዚያ ደግሞ "ወረቀቱ ማህተም ይጎድለዋል" አሏት። ማህተሙን አስመትታ ፊዚዮቴራፒ ስትደርስ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው። ከዚያ መንገድ የተዘጋበት ሰሞን መጣ። ባሏ "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ እኔም ዘግይቼ ነው የሄድኩት" አለ፣ አማቷ ጸበል ይዘዋት ሄዱ፣ እሷም ደከማትና ተወችው። ልጁ ፊዚዮቴራፒ የጀመረው ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ያኔ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "እስካሁን የት ነበርሽ?"

እኔን ያናደደችኝ ይህቺ ጥያቄ ናት። ጥያቄዋስ ልክ ናት፤ መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ሰው ነው። ሪፈሩን የጻፈው ጤና ጣቢያ "የላክሁት ልጅ ደረሰ ወይ?" አላለም። የተቀበለው ሆስፒታል "ቀጠሮ የሰጠነው ልጅ ለምን ቀረ?" አላለም። ከሁለቱም በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ልጁ መኖሩንም አያውቅም። (ጸበሉን አላማርርበትም። ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ፣ የነገረ ሥራውን የሚያውቁ ካህናትም ራሳቸው ሐኪም ቤት ሂዱ ይላሉ።)

ምን ያቻኩላል የሚል ይኖራል። የሰው አንጎል ዋናውን እድገቱን የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ በሁለት ዓመቱ ከአዋቂ አንጎል መጠን 80 በመቶ ያህሉን ይደርሳል። የተጎዳውን ክፍል ሥራ ሌላው ክፍል በቀላሉ ሊለምድለት የሚችለው፣ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ሳይደርቅ አያያዙን፣ አቀማመጡን፣ አመጋገቡን ማስተካከል የሚቻለው በዚያ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ ጤናማ ሕጻን ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ከ4 ወር እስከ 9 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው፣ ብቻውን የሚራመደው ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ። ስለዚህ "ልጅ ይዘገያል" የሚሉት ባልና አማት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። መዘግየቱ ግን ገደብ አለው፣ ገደቡን ደግሞ ለእናቲቱ ሊነግራት የሚገባው ጤና ባለሙያው ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ቆልማማ እግርን እንውሰድ። ይህ እኮ በደንብ የሚድን ነገር ነው። ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ ልጁ ገና በተወለደ በሳምንታት ውስጥ እግሩ በየሳምንቱ ቀስ እየተባለ እየተቃና ጀሶ ይደረግበታል። ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ጀሶ ይበቃዋል፣ አብዛኞቹ ከተረከዝ በላይ ያለችው ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ትቆረጥላቸዋለች፣ ከዚያ ሁለቱ እግሮች በብረት የተያያዘ ጫማ ይደረግላቸዋል። ጫማውን መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሲተኛ ብቻ፣ እስከ አራት አምስት ዓመቱ ያደርገዋል። ትልቅ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልገው ልጁ ኳስ ይጫወታል። የሚበላሸው ታዲያ ብዙ ጊዜ ጀሶው ላይ ሳይሆን ጫማው ላይ ነው። እግሩ ቀና ብላ እናት ታወልቀዋለች፣ ወይ ጫማው ይጠበዋል፣ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

ከደቅ ደሴት የመጣችን እናት አስቡልኝ። በጀልባ ነው የምትመጣው፣ ሐይቁ ከተናወጠ ትቀራለች፣ ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች አሏት፣ ባሕር ዳር ስትደርስ ማደሪያ መፈለግ አለባት። ጫማው ሲጠበው ማን ይንገራት? የሚቀጥለውን ቁጥር ማን ይስጣት? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቤት ለቤት መድረስ ነበር፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም ደርሰዋል፣ በየቀበሌው ማን ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች ያውቃሉ። ግን ከጀሶ ክፍሉ ደውሎ "እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ ልጅ አለ፣ እያለፍሽ እይልን" የሚላት የለም። የጎደለው አንድ ስልክ ነው። መደወል ግዴታው የሆነ ሰው ስለሌለ ግን አይደወልም።

መስማትም እንደዚያው ነው። ሌላው ዓለም የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው፣ በ1 ወሩ ይመርመር፣ በ3 ወሩ ይረጋገጥ፣ በ6 ወሩ እርዳታ ይጀመርለት ይላል። እኛ ሰፈር ልጁ እንደማይሰማ የሚታወቀው አፉን ሳይፈታ ሲቀር ነው። እስከዚያ የአፍም የምልክትም ቋንቋ ሳያገኝ ከረመ ማለት ነው።

ቢጫነትን ደግሞ እኔ ራሴ ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፣ እውነት ነው። የበረታው ግን አንጎል ገብቶ እንቅስቃሴንም መስማትንም ያበላሻል። በብርሃን ሕክምና በጊዜ ቢያዝ የሚድን ነገር "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው" ተብሎ ይሸኛል። እንዲህ ካለው ሕመም የተረፈ ልጅ፣ ሲወለድ የታፈነ ልጅ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ፣ ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅ ገና ከሆስፒታል ሲወጣ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ክትትል ሊደረግለት ይገባል። ሆስፒታሉ እኮ ያውቃቸዋል! ምልክቱ እስኪወጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ይሉታል?

ባሕር ዳር ባዶ ከተማ አይደለችም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ያስተምራል፣ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለን። ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ሁሉም የየራሱን በር ይዟል፣ ልጁ ከአንዱ በር ወጥቶ ሌላው በር ሳይደርስ ሲቀር ግን የሚያይ የለም።

በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እዩት። 380 ሜትር ነው። ሲሠራ አሠሪ ነበረው፣ ተቋራጭ ነበረው፣ ተቋራጩን የሚቆጣጠር አማካሪም ነበረው። ሥራው ሲዘገይ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቅ ነበር። እኔ ለአንድ ሕጻን የምለምነው ይህንኑ ነው፣ አሠሪውም ተቋራጩም አማካሪውም "አይመለከተኝም" ብሎ የሚጠፋፋበት ሳይሆን።

ሥራ ላይ ሳለሁ በየወሩ ሪፖርት እንልክ ነበር። ፔንታ 3 የሚባለውን ሦስተኛ ዙር ክትባት ስንት ልጅ ወሰደ፣ ስንት እናት ተቋም መጥታ ወለደች፣ ስንት እርጉዝ ለአራተኛ ጊዜ ታየች። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ወዲያው ስልክ ይደወላል፣ "ምን ሆናችሁ ነው?" ይባላል፣ ክትትል የሚያደርግ ቡድን ይመጣል፣ ኃላፊያችንም ላብ በላብ ይሆናል። ክትባቱ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ስለሚጠየቅ። አሁን ደግሞ ሪፖርቱ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው የሚላከው፣ ጥሩ ነው። "ሪፈር ካላችኋቸው ጨቅላዎች ስንቱ ሕክምና ጀመረ? በስንት ቀን?" ብሎ የደወለልኝ አለቃ ግን በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ያልተጠየቀ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ በጀት አያገኝም። በጀት ሲጠየቅ ደግሞ "ቁጥሩን አምጡ" ይባላል። ዙሪያ ጥምጥም!

ሌላም ነገር አለ፣ ብናገረው የማይወዱኝ ይኖራሉ። መንግሥት የተወውን ቦታ ሌላው ይይዘዋል። አንዳንዱ ቅን ነው። አዲስ አበባ ላይ የኦቲዝምን ጉዳይ ከጓዳ አውጥታ አደባባይ ያቆመችው እናት ናት፣ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማር። ሁሉም ግን እንደሷ አይደለም። "ቴራፒ" ብሎ ታፔላ የሰቀለ አለ፣ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ያልተቀመጠውን ልጅ በሳምንታት ውስጥ አስኬደዋለሁ የሚል አለ። እናት ወርቋን ሸጣ ትከፍላለች። አንዷ የነገረችኝን ልንገራችሁ፣ የደረቀውን ጭን በኃይል እየለጠጡ ልጁ እስኪዝል ድረስ ያለቅሳል፣ "ካላለቀሰ አይሠራም" አሏት። ኧረ በፈጠራችሁ! ፋርማሲ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ ቁርስ ቤት እንኳ ኩሽናው ይፈተሻል። የሕጻን ገላ የሚነካው ቤት ማን ፈቀደለት? ባለሙያው የት ተማረ? ማን ሄዶ አየው? ይሄን የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ በየሰፈሩ ሲዞር ባየሁ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 ጉዳቱን ቶሎ መለየትንና ቶሎ መርዳትን የጤና አገልግሎት አካል ያደርገዋል። አንቀጽ 26 ተሐድሶው በተቻለ መጠን ቀደም ብሎ ይጀመር፣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ፣ ገጠር ድረስ ይገኝ ይላል። አንቀጽ 33 አፈጻጸሙን የሚከታተል አካል ይሰየም ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋን ደግሞ የማያውቃት ኃላፊ የለም፣ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመዛት እሷን ነው። ስለ ሥራ ቅጥር አዋጅ 568/2000 ወጥቷል፣ ሕንጻው ለሁሉ ምቹ እንዲሆን አዋጅ 624/2001 ወጥቷል። ሁለቱም ደግ ናቸው፣ የሚደርሱት ግን ሰውየው አድጎ ሥራ ሲፈልግና ደረጃ ሲወጣ ነው። በ14 ሳምንቱ እግሩን የገተረው ልጅ እስከዚያ ምን ይሁን?

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ሕግ ያወጡት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕጻናት። አንድ ልጅ ከተጠቆመበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ ባለሙያዎቹ ከቤተሰቡ ጋር ስለ ዕቅዱ ስብሰባ መቀመጥ አለባቸው። ለቤተሰቡ አንድ አስተባባሪ ይመደባል፣ ዕቅዱ በየ6 ወሩ ይታያል፣ እያንዳንዱ ግዛት ደግሞ ስንቱን በጊዜ እንደደረሰ በየዓመቱ ለፌዴራል መንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፣ ለሕዝብም ይፋ ያወጣል። እዚያም ባለሙያ ይጠፋል፣ እዚያም ልጆች ወረፋ ይጠብቃሉ። ግን መዘግየታቸው ተቆጥሮ ይታወቃል፣ የዘገየው ክፍል ይጠየቃል። በገንዘብ እንመሳሰል አላልኩም። ቀን ለመቁጠር ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

እና ምን ይደረግ ትሉኝ እንደሆነ፣ ትልቅ ሕንጻ አልጠየቅሁም። የክልሉ ጤና ቢሮና የሴቶች፣ ሕጻናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮው ተቀምጠው ይህ ሥራ የማን እንደሆነ በአንድ ደብዳቤ ይወስኑ፣ "በጋራ" የምትለዋን ቃል ሳያስገቡ። በየክፍለ ከተማው አንድ ሰው፣ ስሙና ስልኩ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፎ፣ ሪፈር የተባለውን ልጅ እስከ መጨረሻው ድረስ የሚከታተል ይመደብ። ልጁ በቀጠሮው ከቀረ እሱ ይደውል እንጂ እናቲቱ ደጅ አትጥና። የክትባቱን አጋጣሚ ደግሞ አናባክነው። እናት በራሷ እግር፣ ልጇን ታቅፋ፣ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግማ ትመጣለች። ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል? እጁ ተከፍቷል ወይ፣ አንገቱ ጠንቷል ወይ፣ ለድምፅ ይደነግጣል ወይ፣ ዓይኑ ይከተላል ወይ ብሎ ማየትና ካርዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከታቢዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ በየክትባት ቀኑ አንድ ተጨማሪ ሰው ይመደብ፣ የዩኒቨርሲቲው ተለማማጆችም ይሁኑ።

ከዚያ ቁጥሩ በየሩብ ዓመቱ ይውጣ። ስንት ልጅ ተጠረጠረ፣ ስንቱ ተመረመረ፣ ስንቱ በስንት ቀን ሕክምና ጀመረ፣ ስንቱ ጠፋ። የጠፋው ቁጥር ብዙ ይሆናል ብለው እንዳይፈሩ፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ መሆኑ አይቀርም። የሪፖርት ማሳመር ጥበብ ስለማውቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥሩን የሚፈትሸው ራሱ የላከው ቢሮ ብቻ መሆን የለበትም። የክልሉ ምክር ቤት አለ፣ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ከነሱ ጋር እናቶችም ይቀመጡ፣ ሪፖርቱ ላይ "ታክሟል" የተባለው ልጅ ቤቱ ተኝቶ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ እኔ ብጠይቃቸው "ሲስተር፣ ነገ ይምጡ" ነው የሚሉኝ። እናንተ ግን ጋዜጠኛ ላኩና ሁለት ጥያቄ ብቻ አቅርቡልኝ፦ ባለፈው ዓመት በባሕር ዳር ከተማ በአካል ጉዳት ምክንያት ሪፈር ከተባሉ ዓመት ያልሞላቸው ሕጻናት ስንቱ ሕክምና ጀመሩ? ለቀሩት የሚጠየቀውስ ማን ነው፣ ከነስሙ? መልሱን እንዳለ አትሙት። መልስ ካልሰጧችሁም ጠይቀን አልመለሱልንም ብላችሁ፣ የጠየቃችሁበትን ቀን ጨምራችሁ አትሙት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ጡረተኛዋ አዋላጅ ነርስ
ባሕር ዳር